ያልተመረመረ መለኪያ፦ የሰር ሲሪል በርት ሕይወትና ሥራ

ሰር ሲሪል በርት በ1883 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በለንደን ከሐኪም አባት ተወለዱ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ፣ በ1913 የለንደን አውራጃ ምክር ቤት ሲቀጥራቸው፣ በብሪታንያ ለትምህርት ቤቶች የተሾሙ የመጀመሪያው የሥነ ልቡና ባለሙያ ሆኑ። በ1920ዎቹም፣ በ1921 በተቋቋመው የኢንዱስትሪ ሥነ ልቡና ብሔራዊ ተቋም የሙያ ምርጫ ምክር ክፍልን መርተዋል። ሠራተኛው ለችሎታው በሚስማማ ሥራ ቢመደብ የሥልጠናው ወጪ ከንቱ አይቀርም፣ ምርትም ይጨምራል የሚለው አሳብ በዚያን ጊዜ እየተስፋፋ ነበር።

ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1950 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በፕሮፌሰርነት ሲያገለግሉ፣ በ1946 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። የአእምሮ ችሎታ በአብዛኛው በዘር የሚወረስና ገና በልጅነት ሊለካ የሚችል ነው የሚለው ትምህርታቸው በትምህርት መሪዎች ዘንድ ተሰሚነት አገኘ። ከ1944ቱ የትምህርት ሕግ በኋላ በእንግሊዝና በዌልስ የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች በፈተና ተለይተው ወደተለያዩ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ስለ ነበር፣ የብዙ ሕፃናት የወደፊት ሙያና ገቢ በዚሁ ልኬት ላይ ተመሠረተ።

የትምህርታቸው ዋና ማስረጃ ተለያይተው ያደጉ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ጥናት ነበር። በ1955 ባወጡት ጽሑፍ የመንትዮቹ ብዛት 21 ጥንድ፣ በ1966 ደግሞ 53 ጥንድ ነበር። ሆኖም በአንደኛው የችሎታ ፈተና የተገኘው የተዛምዶ መጠን በሁለቱም ጽሑፎች 0.771 ነው። የተለካው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሲጨምር ውጤቱ እስከ ሦስተኛው አሐዝ ሳይለወጥ መቅረቱ ሊያስገርም ሲገባው፣ ጽሑፎቹ በታወቁ መጽሔቶች ታትመው በሰፊው ተጠቀሱ። እንዲያውም በ1969 አርተር ጄንሰን ለድኻ ልጆች በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ፋይዳ ላይ ጥያቄ ሲያነሣ ከበርት ቁጥሮች ጠቅሷል። በርት ራሳቸውም የስታቲስቲካዊ ሥነ ልቡናን የብሪታንያ መጽሔት ለዓመታት ሲያዘጋጁ የገዛ ጽሑፋቸውን በብዛት አውጥተውበታል።

በርት በ1971 አረፉ። በ1974 ሊዮን ካሚን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር የቁጥሮቹን አለመታመን በመጽሐፍ ገለጠ፤ በ1976 ሰንዴይ ታይምስ ጋዜጣ ጉዳዩን ለሕዝብ አቀረበው። በ1979 የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት ሌዝሊ ኸርንሾ፣ ለበርት በጎ አመለካከት ይዘው ቢጀምሩም፣ ከማስረጃዎቹ ከፊሉ ፈጠራ ነው ከሚል መደምደሚያ ደረሱ። በ1989ና በ1991 የወጡ ሁለት መጻሕፍት ደግሞ ክሱ በበቂ ሁኔታ አልተረጋገጠም ሲሉ ተከላከሉላቸው። በርት በሞቱ ጊዜ ብዙ ወረቀቶቻቸው ስለ ተቃጠሉ ክርክሩን በመጀመሪያው መዝገብ መቁረጥ አልተቻለም።

ሰውዬው አታላይ ይሁኑ ወይም ዝርክርክ፣ ጉዳቱ አንድ ነው። የመስክ መዝገቡ የጠፋ ልኬት፣ ለኪው የቱንም ያህል ቢከበር፣ ሕንፃ አይቆምበትም። የሙያ ባልደረቦች ምርመራ ከኅትመት በፊት ጥሬውን ቁጥር አይቶ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ጸሐፊው በሕይወት ሳሉ፣ መልስም ሊሰጡ በሚችሉበት ጊዜ በተነሣ ነበር። ምርመራው ሲዘገይ ዋጋውን የከፈሉት የቁጥሩን ምንጭ ሊጠይቁ የማይችሉ ሕፃናት ናቸው።