ሁለት ጊዜ ከቤቷ የወጣችው የስማዳ ወይዘሮ

ኅዳር ለስማዳ፣ ለእስቴና ለጋይንት ገበሬ ፋታ የማይሰጥ ወር ነው። እህሉ ይታጨዳል፣ ይከመራል፤ አውድማው ይለቀለቃል። በዚሁ ወር በ17ኛው ቀን ከጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር፣ በደራ ወረዳ በምትገኘው ቆራጣ፣ ካህናትና ምእመናን የአንዲት ሴትን ዕረፍት ያስባሉ። ሴቲቱ ወለተ ጴጥሮስ ናት። ስሟ ሲነሣ ቀድመው የሚታወሱት ጣናና ገዳማቱ ናቸው። ሕይወቷን የቀየረው ውሳኔ ግን ከሐይቁ ርቆ፣ በባሏ አገር በስማዳ የተወሰነ ነው። ያም ውሳኔ ትዳሯን ትታ መውጣት ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ቤተሰቡ ዘሩን ከደዋሮና ከፈጠጋር መኳንንት የሚቆጥር፣ ርስትና ሹመት ያለው ነበር። እንዲህ ካለ ቤት የተወለደች ልጅ የምትዳረው ወላጆቿ ለመረጡላት ሰው ነው፤ ፈቃዷን የሚጠይቅ የለም። ወለተ ጴጥሮስም ገና በለጋነቷ ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ አማካሪና የጦር አዛዥ፣ በቤተ መንግሥት ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር። በዚያው ዘመን በላስታ ገበሬውን አስከትሎ በዐፄው ላይ የተነሣ ሌላ መልክአ ክርስቶስ ስላለ፣ የታሪክ መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ሁለቱን እንዳያምታታ መጠንቀቅ አለበት። አንዱ የንጉሡ ሰው፣ ሌላው የንጉሡ ጠላት ነበር።

ትዳሩ ልጅ አላጸናም። ወለተ ጴጥሮስ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ገድሏ እንደሚተርከው፣ በጸነሰች ጊዜ የሚወለደው ልጅ ፈጣሪን የሚያስደስት ካልሆነ ቶሎ እንዲወስደው ትጸልይ ነበር። ይህን ዛሬ የሚያነብ ሰው ይደነግጥ ይሆናል። ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበት በዚያ ዘመን ግን ሦስት ልጅ የቀበረች እናት ኀዘኗን በምን ቋንቋ ትናገረው እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ልቧ ከቤቱ ወጣ። ጾምና ጸሎት አበዛች፣ ሀብቷን ለድሆችና ለአገልጋዮች ማካፈል ጀመረች፤ ምንኩስናን ታስብ ገባች።

በዚሁ መካከል የአገሪቱ ነገር ተናወጠ። ዐፄ ሱስንዮስ ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጋር ተቀራርቦ በስውር የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብሎ ነበር። ምክንያቱ ሃይማኖት ብቻ ነበር ማለት ያስቸግራል፤ የፖርቱጋልን የጦር ርዳታ ተስፋ ያደርግም ነበር። በአደባባይ ያወጀው በ1614 ዓ.ም. ነው፤ ዝንባሌው ግን ከዚያ በፊት ለመኳንንቱም ለመነኮሳቱም ግልጽ ሆኗል። መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ጎን ቆመ። ሚስቱ ደግሞ ከአባቶቿ ሃይማኖት ንቅንቅ አልልም አለች። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ወገን ተፈጠረ።

የመጀመሪያው መውጣት የሆነው መልክአ ክርስቶስ በዘመቻ ላይ ሳለ ነው። ዘመኑ 1607 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ከጣና ገዳማት ጋር ቀድሞ ተላልካ ስለነበር መነኮሳት መጥተው ረዷት። ጌጧን አውልቃ ለድሆች ከሰጠች በኋላ በሌሊት ከቤቷ ወጣች። ከስማዳ እስከ ጣና ያለውን አገር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ገደሉና ሸለቆው ዛሬም ለእግረኛ ቀላል አይደለም፤ በቅሎና አሽከር የለመደች ወይዘሮ ተደብቃ ስትሄደው ደግሞ ይብሳል።

መልክአ ክርስቶስ ሲመለስ ቤቱን ባዶ አገኘው። የተጣለ ባል ነው፤ ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅ ይችል ነበር። እርሱ የመረጠው ግን ጦሩን ነው። ሸሽገዋታል ያላቸውን ሰዎች አገር አስጠቃ፤ ንብረታቸው ተዘረፈ። መከራው የወረደው ስለ ባልና ሚስቱ ጠብ አንዳች በማያውቁ ባላገሮች ላይ ነው። በሥልጣን ላይ ያለ ሰው የቤቱን ጉዳይ በወታደር ሲፈታ ሁልጊዜም ዕዳውን የሚከፍለው ጎተራው የሚገለበጥበት ገበሬ ነው።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችም በነገሩ ገቡ። አንድ አባት ወደ ባሏ እንድትመለስና ጥቃቱ እንዲቆም መከሯት። ወለተ ጴጥሮስ ተመለሰች። ስለ እርሷ ሌላ ሰው እንዲጠፋ አልፈለገችም። በዚህ ጊዜ የነበረችበትን ሁኔታ ማስተዋል ተገቢ ነው። ባል ካልፈቀደ መውጫ የለም። ኃያል ባል ያለት ሴት ዳኛ ፊት ብትቆም ዳኛው የባሏ ባልንጀራ ነው። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ዳኛና ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ንብረት ተካፍለው መለያየታቸው በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ የቁርባን ጋብቻ ግን የሚፈታ ሆኖ አይታይም። በቤተ ክርስቲያን ዓይን ሳይነቀፉ ከትዳር ለመውጣት ለአንዲት ሴት የቀረው በር የምንኩስና ቆብ ነበር።

ለማነጻጸር ያህል፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንደኛው ተጋቢ የት እንዳለ ሳይታወቅ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከትዳር ቤቱ ርቆ ከቀረ ይህ ለፍቺ ከሚያበቁ ከባድ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ቀጥሎም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ተስማምተው፣ ወይም አንዳቸው ብቻ አመልክተው እንዲፋቱ ይፈቅዳሉ። የገጠር መሬት ይዞታ ደብተርም በክልሉ በባልና በሚስት የጋራ ስም ይሰጣል። በወለተ ጴጥሮስ ዘመን ይህ ሁሉ አልነበረም። ከመልክአ ክርስቶስ ቤት ስትወጣ ይዛው የወጣችው ነገር ቢኖር ሐሳቧን ብቻ ነው።

ከተመለሰች በኋላ ብዙም አልቆየች። በ1609 ዓ.ም. የዐፄው አማች ዮልዮስ በንጉሡ ላይ ዐመፀ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም ከዐማፅያኑ ጋር ቆመው ሳለ በጦርነቱ ተገደሉ። የጳጳስ መገደል በአገሩ ላይ ታላቅ ድንጋጤ ፈጠረ። ወለተ ጴጥሮስ የገዛ ባሏ እጁ በዚህ ነገር እንዳለበት ስታውቅ ነገሩ አበቃ። ከእርሱ ጋር በልታ፣ ከእርሱ ጋር ተኝታ መኖር እንደማትችል ቁርጥ አደረገች። የመጀመሪያው መውጣት ከልጆቿ ሞትና ከምንኩስና ምኞት የመጣ ነበር ቢባል፣ ሁለተኛው በግልጽ ባሏን በመቃወም የተደረገ ነው። በዚህ ጊዜ መልክአ ክርስቶስ ጦር አላሰለፈም። ደክሞት ይሁን አፍሮ፣ ለቀቃት። እርሷም ጠጕሯን ተላጭታ በ25 ዓመቷ መነኰሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ በሩጫና በስደት የተሞላ ነው። የካቶሊክ ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት ተብሎ ሲታወጅ፣ ከመነኮሳትና ከሕዝቡ መካከል እየዞረች ዐዋጁን እንዳይቀበሉ ታስተምር ጀመር። በ1614 ዓ.ም. አካባቢ ተይዛ በዐፄው አደባባይ ቀረበች። ንጉሡ ሊገድላት ቆርጦ ነበር። በዚህ ጊዜ ቀርቦ ንጉሡን ያለዘበው መልክአ ክርስቶስ ነው። ሁለት ጊዜ ጥላው የሄደች፣ በመኳንንቱ መካከል ያዋረደችው ሴት እንዳትሞት ለመነላት። ምን አስቦ እንዳደረገው ገድሉ ብዙ አይተነትንም። ከዘመዶቿ ጋር ደም መቃባት እንዳይመጣ ፈርቶ ሊሆን ይችላል፤ ፍቅሩም ጨርሶ ሳይበርድ ቀርቶ ይሆናል። የሆነ ሆኖ ነፍሷን ያተረፈላት እርሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋልድባ ሄደች። ነገር ግን ዝም አላለችም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳግመኛ ተይዛ ለፍርድ ቀረበች። አሁንም መልክአ ክርስቶስ ገብቶ ሞቱን አስቀረላት፤ በምትኩ የኢየሱሳውያኑ አለቃ አፎንሶ ሜንዴዝ እንዲያስተምሯት አሳብ አቀረበ። ሜንዴዝ ከሮም ተሹመው በ1617 ዓ.ም. አገር የገቡ ፓትርያርክ ናቸው። ብዙ ቢደክሙም ሐሳቧን ማስለወጥ አልቻሉም። በመጨረሻ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል ሞቃታማ ቆላ ተጋዘች፤ ሦስት ዓመት በዚያ ቆየች።

ግዞቱ የታሰበውን አላመጣም። እርሷ ያለችበትን የሰሙ ሰዎች ወደ ቆላው ወረዱ፤ ወንዱም ሴቱም በዙሪያዋ ተሰብስቦ የመጀመሪያዋ ማኅበር ተመሠረተች። ከግዞት ከተመለሰች በኋላ በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች፣ በምጽሌ፣ በዘጌ፣ በአፈር ፈረስና በሌሎችም ቦታዎች ማኅበራትን አቋቋመች፤ የዠበይዋን ጨምሮ ቁጥራቸው ሰባት ደረሰ። እንዲህ ያለ ማኅበር መምራት ጸሎት ብቻ አይደለም። እህል ማሰባሰብ፣ ማብሰል፣ የታመመ ማስታመም፣ የተጣላ ማስታረቅ አለበት። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ሁሉ ስትመራ በቀኝ እጅነት የቆመችላት እኅተ ክርስቶስ ነበረች። እኅተ ክርስቶስም ባሏንና ሴት ልጇን ትታ የመነኰሰች ናት። ልጅቱ ያለ እናት እንዴት እንዳደገች የሚተርክ አልተገኘም፤ የመውጣት ታሪክ ሲነገር የሚቀረው ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ በተባለው ስፍራ ዐፄው ከላስታ ዐማፅያን ጋር ገጠመ። ወደ 8 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደወደቀ ይነገራል፤ አብዛኛው ገበሬ ነበር። ሱስንዮስ ድል ቢያደርግም ደስ አላለውም። በሜዳው የተኛው የገዛ ሕዝቡ ነው። ወዲያው የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ፣ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ወለተ ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ የሚያሳድዳት አልነበረም። ማኅበሮቿን እየጠበቀች ዐሥር ዓመት ኖረች። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ታማ ዐረፈች።

ከእርሷ በኋላ ማኅበሩን እኅተ ክርስቶስ ተረከበች። በ1641 ዓ.ም. ገደማ ማኅበሩ በቆራጣ መሬት ተሰጠው፤ እስከ ዛሬ በስሟ የሚጠራው ገዳም የቆመው በዚያ ነው። ካረፈች ሠላሳ ዓመት ሲሞላ፣ በ1664 ዓ.ም. አካባቢ፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኰስ የሚያውቋትን ሰዎች እየጠየቀ ገድሏን በግእዝ ጻፈው። ጽሑፉን ጣልያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሳተመው፤ በእንግሊዝኛ ሙሉ ትርጉሙ የወጣው ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ስማዳን፣ የመልክአ ክርስቶስን ቤትና የሌሊቱን ጉዞ የምናውቀው በዚያ ገድል ነው።