የሆላንዱ ሹም የቪለም ድሬስ ሕይወት

ብዙ ሰዎች ሹመት ባገኙ ጊዜ ቤታቸው ይሰፋል፥ ልባቸው ግን ይጠባል። ስለዚህ ሹመት ያልለወጠውን ሰው ኑሮ መመርመር ለተማረ ሁሉ ይጠቅማል። እንዲህ ያለ ሰው በሆላንድ አገር ነበረ፤ ስሙም ቪለም ድሬስ ይባላል። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮጳውያን ነው።

ድሬስ በ1886 ዓመት በአምስተርዳም ከተማ ተወለደ። አምስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ ስለዚህ ቤተ ሰብ አሳዳሪውን ሲያጣ ምን እንደሚደርስበት ገና ሕፃን ሳለ አየ። ከንግድ ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ በባንክ ተቀጠረ፤ ቀጥሎም በፈጣን ጽሕፈት በፓርላማ የሚነገረውን የሚጽፍ ሠራተኛ ሆነ። እንግዲህ ራሱ በሸንጎ ከመናገሩ አስቀድሞ ብዙ ዓመት የሌሎችን ንግግር ሰማ። በ1904 ከሶሻል ዴሞክራት ወገን ጋር ተባበረ፤ በ1913 የሄግ ከተማ ምክር ቤት አባል፥ በ1933 ደግሞ የፓርላማ አባል ሆነ።

ጀርመኖች አገሩን በያዙ ጊዜ፥ በ1940፥ እንደ መያዣ አድርገው ወደ ቡኸንቫልድ የግዞት ሰፈር ወሰዱት። ከአንድ ዓመት በኋላ ስለ ጤናው ተለቀቀ። ነገር ግን ፈርቶ በቤቱ አልተቀመጠም፤ ስለ አገራቸው ነጻነት በስውር ከሚመክሩት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የማኅበራዊ ጕዳይ ሚኒስትር ሆኖ ሳለ፥ በ1947 ድኾች ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከመንግሥት መተዳደሪያ እንዲያገኙ የሚያዝ ጊዜያዊ ሕግ አወጣ። ከ1948 እስከ 1958 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ከካቶሊኮችና ከሌሎች ወገኖች ጋር ተስማምቶ ገዛ። በ1957 መዠመሪያም 65 ዓመት ለሞላው ሁሉ ጡረታ የሚሰጠው ሕግ ጸና። ከዚያ በፊት የልጆቹን ወይም የምጽዋት ሰጪዎችን እጅ ይመለከት የነበረ ሽማግሌ አሁን ሳያፍር የሚቀበለው መብት ሆነለት። ሕዝቡም ገንዘቡን በድሬስ ስም ይጠሩት ዠመር።

ይህን ሁሉ ሲሠራ አኗኗሩ አልተለወጠም። በሄግ ከተማ ከጎረቤቶቹ ቤት በማይበልጥ ቤት ተቀመጠ፤ የሚያሰክር መጠጥ አይጠጣም ነበር፤ ወደ ሥራውም ብዙ ጊዜ በእግሩ ይሄድ ነበር። የመንግሥትን ገንዘብ የሌላ ሰው አደራ እንደ ሆነ አድርጎ ይጠብቅ ነበር።

ነገር ግን ስለ መልካም ሰው ስንናገር ጥፋቱን ልንሸፍን አይገባም። የኢንዶኔዥያ ሕዝብ በ1945 ነጻነቱን ካወጀ በኋላ የሆላንድ መንግሥት ጦር ሰደደበት። በታኅሣሥ 1948 ሁለተኛው ዘመቻ ሲደረግ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ድሬስ ነበረ፤ ልቡ ቢያመነታም ተስማማ። ብዙ ሕዝብም ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት በታኅሣሥ ወር ነጻነታቸውን ተቀበለ፤ የፈሰሰው ደም ግን አልተመለሰም። በ2022 የሆላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለዚያ ጦርነት ግፍ የኢንዶኔዥያን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቀ። በቤቱ ለሽማግሌ የሚራራ ሰው በሩቅ አገር ላለው ሰው ፍርድ ሊያጓድል እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ድሬስ በ1958 ሥልጣኑን ተወ። በ1971፥ የ84 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፥ መንገዳቸው አላስማማው ቢል ብዙ ዘመን ካገለገለው ወገን ተለየ። በግንቦት 1988 በሄግ ሲሞት ዕድሜው 101 ዓመት ነበረ።

አንባቢ ሆይ፥ ረዥም ዕድሜ በሰው እጅ አይደለም። በአነስተኛ ቤት ረክቶ መኖር፥ አደራን መጠበቅ፥ ለደከመው ማሰብ ግን በእጅህ ነው። ይህንም በምታደርግበት ጊዜ፥ ርኅራኄህ በደጃፍህ ብቻ እንዳይቀር ተጠንቀቅ።