ዱክ ካሃናሞኩ፡- የማዕበል ጋላቢው ሕይወትና የሚነገሩበት አፈ ታሪኮች

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ፈረስ የእርሻና የጉዞ አጋር ብቻ አይደለም፤ የክብር መገለጫም ነው። ፈረስ በአድዋ ጦርነት የነበረውን ድርሻ ለመዘከር በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በኢንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ከዳንግላና ከሌሎችም ወረዳዎች የሚመጡ ጋላቢዎች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ይወጣሉ። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት የሃዋይ ደሴቶች ደግሞ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚጋልበው የባሕር ማዕበልን ነው። በእንጨት ሳንቃ ላይ ቆሞ በሞገድ ላይ መንሸራተት ዛሬ በመላው ዓለም ሰርፊንግ በሚል ስም ይታወቃል። ይህን ጨዋታ ከደሴቶቹ አውጥቶ ለዓለም በማስተዋወቅ ረገድ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው ዱክ ካሃናሞኩ ነው። ስለ እርሱም ሆነ ስለ ጨዋታው በሰፊው ከሚነገረው ውስጥ ግን ጥቂት የማይባለው ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ከስሙ ይጀምራል። ዱክ በእንግሊዝኛ መስፍን ማለት በመሆኑ ብዙዎች ማዕረጉ ይመስላቸዋል። እውነታው ግን አባቱ የተወለዱት የኤድንበርግ መስፍን ሃዋይን በጎበኙበት በ1869 በመሆኑ ለእንግዳው መታሰቢያ ይህ ስም ወጣላቸው፤ የበኩር ልጃቸውም የአባቱን ስም ወረሰ (በዚህ ጽሑፍ የሃዋይን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዱክ ነሐሴ 24 ቀን 1890 በሆኖሉሉ ተወለደ። አባቱ በፖሊስ መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚያድሩ፣ ዘጠኝ ልጆች ያሏቸው ሰው ነበሩ። ልጁም ትምህርቱን ሳያጠናቅቅ አቋርጦ በዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ አደገ።

ሁለተኛው ስሕተት ጨዋታውን እርሱ እንደፈጠረው አድርጎ መናገር ነው። የእንግሊዛዊው መርከበኛ የጄምስ ኩክ ባልደረቦች በ1779 የሃዋይ ሰዎች በሳንቃ ሞገድ ሲጋልቡ አይተው ጽፈዋል፤ ጨዋታው ያን ጊዜም ዕድሜ ጠገብ ነበር። ከ1820 ጀምሮ የመጡት ሚስዮናውያን አገዱት የሚለው ትረካም ግማሽ እውነት ነው። ጨዋታውን አልወደዱትም፣ ተቃውመውታልም። ይበልጥ የጎዳው ግን ከውጭ የገባው በሽታ ነው። ከኩክ መምጣት በፊት በመቶ ሺዎች ይቆጠር የነበረው የደሴቶቹ ነባር ሕዝብ፣ ዱክ በተወለደበት ዓመት በተካሄደው ቆጠራ ወደ 40 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር። ጨዋታ ያለ ሰው አይቆይምና ሞገድ ጋላቢዎች ተመናመኑ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፉም። ዱክና ጓደኞቹ በ1911 ሁይ ናሉ የተባለውን የማዕበል ማኅበር በይፋ ያቋቋሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው። ቅርስ በማኅበር ተደራጅቶ እንዴት እንደሚቆይ ለአዊ ሰው ማስረዳት አያሻም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በሆኖሉሉ ወደብ በተካሄደ ውድድር ዱክ 100 ያርድ በ55.4 ሰከንድ ዋኘ። የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን በ4.6 ሰከንድ ያሻሻለ በመሆኑ የአሜሪካ አማተር ስፖርት ኃላፊዎች ሊያምኑት አልቻሉም፤ የሰዓት ስሕተትና የውኃ ፍሰት ሰበብ አድርገው ውጤቱን ሳያጸድቁት ቀሩ። መልሱን በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ወርቅ በማጥለቅ ሰጠ። የ1916ቱ ኦሊምፒክ በጦርነቱ ምክንያት ቀረ። በ1920 በአንትወርፕ፣ በ30 ዓመቱ፣ ሁለት ወርቅ አገኘ፤ በ1924 በፓሪስ በጆኒ ዋይዝሙለር ተቀድሞ ሁለተኛ ሲወጣ ወንድሙ ሳሙኤል ሦስተኛ ሆነ። አምስቱ ሜዳሊያዎቹ በሙሉ የዋና ናቸው። በሰርፊንግ ተሸለመ የሚባለው ሊሆን የማይችል ነገር ነው፤ ሰርፊንግ ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር ነውና።

በ1914 መጨረሻ ለዋና ትርኢት ወደ አውስትራሊያ ተጋብዞ ሲሄድ ሳንቃውን አልያዘም ነበር። ከአገሩ በተገኘ እንጨት አዲስ ጠርቦ በሲድኒ አቅራቢያ በፍሬሽዋተር ባሕር በሺዎች ፊት ጋለበ። ከእርሱ በፊትም በዚያ የሞከሩ ስለነበሩ የመጀመሪያው ማለት ትክክል አይሆንም፤ ሕዝቡን ያነሣሣው ግን እርሱ ነው። ሳንቃው እስከ ዛሬ በዚያው ተጠብቆ ይገኛል።

ሞገድ ጋላቢውን የሚገፋው ነፋስ ወይም ወደ ዳር የሚፈስ ውኃ ነው የሚል ግምትም አለ። በጥልቅ ባሕር ላይ የሚጓዘው ኃይሉ እንጂ ውኃው አይደለም። ሞገዱ ጥልቀቱ ወደሚቀንስበት ሲደርስ ይቆማል፤ ጋላቢውም ከቁልቁለቱ ይንሸራተታል። ስለሆነም ዋናው ብልሃት ልክ ፈረስ በኮርቻ እንደሚያዝ ጊዜውን ጠብቆ መነሣትና ሚዛንን መጠበቅ ነው።

የጨዋታው ጥቅም ከመዝናኛ ማለፉ የታየው ሰኔ 14 ቀን 1925 ነው። በካሊፎርኒያ በኒውፖርት ባሕር ዳርቻ ቴልማ የተባለች ጀልባ 29 ሰዎችን እንደጫነች በማዕበል ተገለበጠች። ዱክ በሳንቃው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ስምንት ሰው አወጣ። ከተሳፋሪዎቹ 17ቱ ሞቱ፤ ከተረፉት 12 መካከል አብዛኞቹ የእርሱ ናቸው። ሳንቃ የባሕር ነፍስ አድን ሠራተኞች መሣሪያ ለመሆን በቅቷል።

ዝናው ግን እንጀራ አልሆነለትም። የዘመኑ የአማተር ደንብ ስፖርተኛ ከችሎታው ገንዘብ እንዳያገኝ ይከለክል ነበር። ያሸነፈው ዋይዝሙለር በሆሊውድ ታርዛን ሆኖ ሲከብር፣ ዱክ የሚሰጡት አነስተኛ ሚናዎች ነበሩ፤ ወደ ሆኖሉሉ ተመልሶም ነዳጅ ማደያ ያዘ። በ1934 የከተማዋ ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠና 13 ጊዜ በተከታታይ ተመርጦ አገለገለ። የፖሊስ አመራር አስቀድሞ ወደ ሌላ አካል ተዛውሮ ስለነበር ሹመቱ ከስሙ ይልቅ ጠባብ ነበር፤ እስር ቤቱን ማስተዳደር ከሥራዎቹ አንዱ ነው። ሸሪፍነቱ በአስተዳደር ማሻሻያ ሲቀር የከተማዋ እንግዳ ተቀባይ ተባለ። አገር ጎብኚውን በስሙ እየሳበች፣ ባለስሙን በመጠነኛ ደመወዝ ማኖሯ ትዝብት ላይ የሚጥል ነው።

ዱክ ካሃናሞኩ ጥር 22 ቀን 1968 በልብ ሕመም በ77 ዓመቱ አረፈ። አመዱ በዋይኪኪ ባሕር ላይ ተበተነ። በ1990 በዳርቻው የነሐስ ሐውልት የቆመለት ሲሆን፣ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዲያዞር በመደረጉ የባሕሩን ሰዎች አላስደሰተም።