የማዕበሉ ጋላቢ ዱክ ካሃናሞኩ

ዛሬ በእንቆቅልሽ እንጀምር። ኮርቻ የለው፣ ልጓም የለው፣ ጋማ የለው፤ ሰው ግን በላዩ ቆሞ ይጋልበዋል። ምንድን ነው? ፈረስ ያለ አገር ይስጠን፤ በቅሎ ያለም እንደዚያው። መልሱ የባሕር ማዕበል ነው።

አብዛኞቻችን የደጋና የወይና ደጋ ልጆች ስለሆንን ውሃ ስንል የምናውቀው ወንዝና ሐይቅ ነው። ሰው በሳንቃ ላይ ቆሞ ማዕበል ይጋልባል ቢሉን ተረት ይመስለናል። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ሰርፊንግ ይባላል። ይህን የአንዲት ሩቅ ደሴት ጨዋታ ለዓለም ያስተማረው ሰው ዱክ ካሃናሞኩ ነው። በዚህ ጽሑፍ የእርሱን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ለመሆኑ ማዕበል እንዴት ይጋለባል?

ወደ ሰውየው ከመሄዳችን በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት ማወቅ ይበጃል። ማዕበል የሚወለደው ከባሕሩ ዳርቻ እጅግ ርቆ፣ በውቅያኖስ መካከል ነፋስ ውሃውን ሲገፋው ነው። ከዚያ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሚጓዘው ውሃው ሳይሆን ኃይሉ ነው። ውሃው ባለበት ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አብሮ አይሄድም። ማዕበሉ ወደ ዳርቻው ሲቃረብ የባሕሩ ወለል ከፍ እያለ ስለሚመጣ የታችኛው ክፍል ይጎተታል፤ የላይኛው ግን እየቀደመ ሄዶ ይደፋል። ጋላቢው በሳንቃው ላይ በደረቱ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ይጠብቃል፤ ማዕበሉ ሊደፋ ሲል ፍጥነቱን ይስተካከልና ብድግ ብሎ ይቆማል። አንዲት ቅጽበት ከቀደመ ይደፋበታል፤ አንዲት ቅጽበት ከዘገየም ጥሎት ይሄዳል።

የወለሉም ዓይነት ወሳኝ ነው። ወለሉ ዓለት ወይም ኮራል ከሆነ ማዕበሉ ዘወትር እዚያው ቦታ ይሰበራል። አሸዋ ከሆነ ግን አሸዋው በማዕበልና በወጀብ ስለሚንቀሳቀስ የትናንቱ ቦታ ዛሬ አይገኝም። በመሆኑም አሸዋማ ዳርቻ ላይ የሚጋልብ ሰው ዝም ብሎ ዘሎ አይገባም። መጀመሪያ ዳር ቆሞ ማዕበሉ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚሰበር፣ ወደ ውስጥ የሚጎትተው ጅረት በየት በኩል እንደሚያልፍ ያጠናል። ባሕሩን ያነብባል ብንል ይቀላል።

ልደትና አስተዳደግ

ዱክ የተወለደው ነሐሴ 24 ቀን 1890 በሃዋይ ዋና ከተማ በሆኖሉሉ ነው። ሃዋይ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ፣ ከአሜሪካ ዋና ምድር ወደ 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የደሴቶች አገር ናት። ያን ጊዜ የራሷ ዘውድ የነበራት መንግሥት ነበረች። ዱክ ማለት በእንግሊዝኛ መስፍን ማለት ስለሆነ ልጁ መሳፍንት መስሎ የሚታየው ሰው ብዙ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ በ1869 የኤዲንበሩ መስፍን የተባለው የእንግሊዝ ልዑል ሃዋይን ሲጎበኝ፣ በዚያው ሰሞን ለተወለደ ሕፃን ስሙ ተሰጠው። ያ ሕፃን አድጎ ፖሊስ ሆነ፤ ለበኩር ልጁም የራሱን ስም አወረሰው። የእኛ ዱክ ይህ ነው።

ልጁ ያደገው በዋይኪኪ ባሕር ዳርቻ ከአምስት ወንድሞቹና ከሦስት እኅቶቹ ጋር ነበር። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1893፣ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከዙፋኗ ወረደች፤ በ1898 ደግሞ አገሪቱ ወደ አሜሪካ ተጠቃለለች። ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን ሕዝቡ ብዙ መከራ አይቷል። ካፒቴን ኩክ በ1778 ሲደርስ የሃዋይ ተወላጅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነበር። ከውጭ በገባ በሽታ እየረገፈ ዱክ በተወለደበት ዓመት ወደ 40 ሺህ ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከ1820 ጀምሮ የመጡት ሚሲዮናውያንም የማዕበል ግልቢያን በበጎ ዓይን አላዩትም። ስለዚህ ከንጉሥ እስከ ተራ ሰው ይጫወተው የነበረው ጨዋታ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ዱክና ጓደኞቹ ማዕበል ላይ ሲወጡ እየተጫወቱ ብቻ አልነበረም፤ የአያቶቻቸውን ነገር ከመጥፋት እያዳኑ ነበር።

የዱክ ሳንቃ ኮዋ ከሚባል የአገሩ ዛፍ የተሠራ ነበር። ርዝመቱ 16 ጫማ፣ ማለትም ወደ 5 ሜትር ሲሆን ክብደቱ 52 ኪሎ ያህል ነበር። ያን ተሸክሞ ባሕር መግባቱ ራሱ ሥራ ነው! ትምህርቱን ግን አልጨረሰም። ቤተሰቡን መርዳት ስለነበረበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ።

ሰዓቱ አልታመነም

ነሐሴ 1911 በሆኖሉሉ ወደብ የዋና ውድድር ተደረገ። ገንዳ ስላልነበረ የዋኙት በባሕሩ ውስጥ ነው። ዱክ 100 ያርዱን፣ ማለትም 91 ሜትር ያህሉን፣ በ55.4 ሰከንድ ጨረሰ። በጊዜው የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን በ4.6 ሰከንድ አሻሻለ ማለት ነው። እንዴት ተደርጎ? አሉ በዋና ምድር ያሉት የስፖርት ባለሥልጣኖች። በአጭር ርቀት ዋና አራት ሰከንድ ማለት ብዙ ነው። ዳኞቹ የያዙት የደወል ሰዓት መሆን አለበት ብለው አፌዙ፤ ቆየት ብለውም የባሕሩ ጅረት ገፍቶት ነው አሉ። ክብረ ወሰኑን አልመዘገቡለትም።

የአገሩ ሰዎች ግን ገንዘብ አዋጥተው ወደ ዋና ምድር ላኩት። ባያዩት አላመኑትም፤ ሲያዩት ግን ለአሜሪካ ቡድን መረጡት። በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነፃ ዋና 1 ደቂቃ ከ3.4 ሰከንድ ገብቶ ወርቅ አገኘ፤ በዱላ ቅብብልም ብር ጨመረ።

ከዚያ ውድድር አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይደለም። አሜሪካውያኑ ሰዓቱን በስሕተት ተረድተው ከግማሽ ፍጻሜው ቀርተው ነበር። በደንቡ መሠረት መውጣት ነበረባቸው። ነገር ግን የአውስትራሊያው ሴሲል ሂሊ፣ እነርሱ ቢቀሩ ራሱ ተጠቃሚ ሊሆን የሚችለው ሰው፣ ይዋኙ ብሎ ደገፋቸው። ተጨማሪ ማጣሪያ ተደረገላቸው። ዱክ አንደኛ ወጣ፤ ሂሊ ሁለተኛ። ሂሊ በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ተገደለ።

በአውስትራሊያ አሸዋ ላይ

በ1914 መጨረሻ ዱክ ለዋና ውድድር ወደ አውስትራሊያ ተጋበዘ። ሲድኒ አጠገብ ፍሬሽዎተር የሚባል አሸዋማ ዳርቻ አለ። ዱክ ሳንቃውን ከአገሩ አላመጣም ነበር። ምን አደረገ? እዚያው ከተገኘ የጥድ ጣውላ አስቆርጦ ራሱ ቀርጾ ሠራ። ታኅሣሥ 24 ቀን 1914 ይዞት ገባ። የዋይኪኪ ወለል ኮራል ነው፤ የፍሬሽዎተር ግን አሸዋ። የማያውቀውን ባሕር አንብቦ ሕዝቡ እያየ ቆሞ ጋለበ። ከእርሱ በፊት በአውስትራሊያ የሞከሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ሕዝቡ ተመልክቶ ጨዋታውን የወደደው ግን በእርሱ ነው።

በ1915 መጀመሪያ የ15 ዓመቷን ኢዛቤል ሌታምን ከፊቱ በሳንቃው ላይ አድርጎ ይዟት ገባ። ማዕበሉ ሲነሣ ልጅቷ ገደል ያየች መሰላትና አልሄድም አለች። በመጨረሻ ግን ዱክ ማጅራቷን ይዞ ብድግ አድርጎ አቆማት። ያቺ ልጅ አድጋ የዋና አስተማሪ ሆነች፤ አሜሪካ ድረስ ሄዳ አስተማረች። ዱክ የሠራውን ሳንቃ እዚያው ትቶላቸው ሄደ። እስከ ዛሬም በፍሬሽዎተር በክብር ተቀምጧል።

ስምንት ነፍስ

በ1916 ሊደረግ የነበረው ኦሊምፒክ በጦርነቱ ምክንያት ቀረ። ዱክ ግን ጠብቆ በ1920 በአንትወርፕ ሁለት ወርቅ አገኘ፤ አንዱ በ100 ሜትር፣ አንዱ በዱላ ቅብብል። በ100 ሜትሩ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትም የሃዋይ ልጆች ነበሩ። በ1924 በፓሪስ የ20 ዓመቱ ጆኒ ዋይዝሙለር ቀደመውና ብር አገኘ፤ ነሐሱን የወሰደው የገዛ ወንድሙ ሳም ነበር።

እኛ ግን ከሜዳልያዎቹ ሁሉ የምናስበልጠው ሰኔ 14 ቀን 1925 የሆነውን ነው። ዱክ በካሊፎርኒያ ኮሮና ዴል ማር በተባለ ዳርቻ ነበር። ባሕሩ ተቆጥቶ ነበር። ቴልማ የምትባል 29 ሰዎች የጫነች የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ወደቡ መግቢያ ላይ ማዕበል መታትና ገለበጣት። ዱክ ሳንቃውን ይዞ ገባ። ወደ መካከል ቀዝፎ፣ የሚሰጥሙትን እያነሣ በሳንቃው ላይ ጭኖ ወደ ዳር ያወጣል፤ እንደገና ይመለሳል። እንዲህ እየተመላለሰ ስምንት ሰው አዳነ፤ ሌሎች የሳንቃ ጋላቢዎች አራት አዳኑ። 17ቱ ግን ሞቱ። ለጨዋታ ብቻ ይመስል የነበረው ሳንቃ የዚያን ቀን ነፍስ አዳነ፤ ከዚያ ወዲህም የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች ሳንቃን እንደ ሥራ መሣሪያቸው መያዝን እየለመዱ ሄዱ።

ሜዳልያ እንጀራ አይሆንም

በዚያ ዘመን የኦሊምፒክ ስፖርተኛ በስፖርቱ ገንዘብ እንዳያገኝ ሕጉ ይከለክል ነበር። ሦስት ወርቅና ሁለት ብር ያለው ሰው ታዲያ በምን ይደር? በሆሊውድ ፊልሞች ሠራ፤ የሚሰጡት ግን አነስተኛ ቦታዎችን ነበር። ያሸነፈው ዋይዝሙለር ከ1932 ጀምሮ ታርዛን ሆኖ ዓለም ሲያውቀው፣ ዱክ የጎሣ አለቃና የመሳሰለውን ሆኖ ብቅ ብሎ ይጠፋ ነበር። የቆዳው ቀለም እንዳገደው መቼም ግልጽ ነው። አገሩ ተመልሶም በነዳጅ ማደያ ሠርቷል። ሥራን አልናቀም። በኋላ ሕዝቡ የሆኖሉሉ ሸሪፍ አድርጎ መረጠው፤ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1961 ድረስ እየደጋገመ መረጠው። በ1940 የዳንስ አስተማሪ የነበረችውን ናዲን አሌክሳንደርን አገባ።

ዱክ ካሃናሞኩ ጥር 22 ቀን 1968 በ77 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ዐመዱ እንደ አገሩ ልማድ በታንኳ ተወስዶ ባደገበት በዋይኪኪ ባሕር ላይ ተበተነ። በ1990 በዚያው ዳርቻ ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ ግን ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ስለቆመ ሰዎች ቅር አላቸው፤ ጋላቢ ለባሕር ጀርባውን አይሰጥም ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ዱክ በሕይወት ሳለ የማዕበል ግልቢያ በኦሊምፒክ ውስጥ እንዲገባ ይመኝ ነበር። ምኞቱ የደረሰው ከሞተ ከ53 ዓመት በኋላ ነው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በጃፓን ጹሪጋሳኪ በተባለ አሸዋማ ዳርቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድሩ ተደረገ። የሴቶቹን ወርቅ የወሰደችው ማን መሰለቻችሁ? የሆኖሉሉ ልጅ ካሪሳ ሙር ናት።

እንግዲህ ከዚህ ሰው እኛ ዕጩ መምህራን ምን እንማራለን? ነገ ተመርቀን የምንደርስበት ትምህርት ቤት የሚያስፈልገንን ሁሉ አሟልቶ ላይጠብቀን ይችላል። ካርታው፣ ኳሱ፣ የማስተማሪያ መርጃው ላይኖር ይችላል። ዱክ ፍሬሽዎተር ሲደርስ ሳንቃ አልነበረውም፤ ከአካባቢው ጣውላ ቀርጾ ሠራ፣ አሳየ፣ አንዲት የፈራች ልጅ አቆመ፣ ሳንቃውንም ለተማሪዎቹ ትቶ ሄደ። ባሕሩንም ከመግባቱ በፊት ዳር ቆሞ እንዳጠናው፣ እኛም የምናስተምራቸውን ልጆችና የአካባቢያቸውን ሰው አስቀድመን ብናጠና ሥራችን ይሰምራል። ሰዓቱ አልታመነም ተብሎ ቢቀለድበትም መልሱን የሰጠው በውሃው ውስጥ ነው። የእኛም መልስ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ይሁን።