አፄ ኃይለ ሥላሴ በጅቡቲ ወደብ

ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ያረፉት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጅቡቲን ቀድመው ያውቋት ነበር። አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ የተሻገሩት በዚሁ ወደብ ሲሆን፣ ከተከተሏቸው መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ነበሩ። ከ12 ዓመት በኋላ የደረሱባት ግን እንደ ስደተኛ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ድል ከሆኑ በኋላ ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ምርጫው ሁለት ነበር፤ መንግሥቱን ወደ ጎሬ አዛውሮ መዋጋት፣ ወይም ጄኔቭ ሄዶ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ማለት። ማኅበሩ ይረዳ እንደሆን፣ የምዕራቡ ጦር ይጸና እንደሆን እርግጠኛ የነበረ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያ ወደ ጎሬ ያዘነበለው ሐሳብ ወዲያው ተለውጦ፣ ምክር ቤቱ በ21 ድምፅ በ3 ተቃውሞ መሄዳቸውን ደገፈ። ከተቃወሙት አንዱ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ። ተቃውሟቸውን በግትርነት መፈረጅ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ጦር አዛዡን ሲያጣ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ወታደር ሁሉ ሥጋታቸውን ይጋራል።

ሚያዝያ 24 ቀን ባቡሩ ተነሣ። ይሁንና ነገሩ አልተቆረጠም ነበር። ድሬ ዳዋ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ ቆንስል ጋር ሲነጋገሩ፣ ቀርቶ የመዋጋቱን ሐሳብ እንደገና አንሥተዋል። በእስረኝነት አብረው የተጓዙትን ራስ ኃይሉን እዚያው ትተዋቸው ሄዱ፤ ራስ ኃይሉም ብዙ ሳይቆዩ ለጠላት ገቡ።

ሚያዝያ 25 ቀን ጅቡቲ ደረሱ፤ በማግሥቱ ኤንተርፕራይዝ በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ ተሳፈሩ። በባቡር ሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ይቻል ነበር፤ ከወደቡ ወዲያ ግን አልተቻለም። ሆኖም ሁሉን ነገር በአንድ ዕድል ላይ አልጣሉም፤ ራስ እምሩን በምዕራብ እንደራሴ አድርገው ትተዋል። በእኛ አስተያየት ከመላው ውሳኔ ይበልጥ የታሰበበት ይህ ነው።

ውጤቱ የዘገየ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ቢናገሩም፣ ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ በዚያው ክረምት አነሣ። ራስ እምሩ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተማረኩ፤ በደቡብ ሲዋጉ የነበሩት ራስ ደስታ በየካቲት ተገደሉ። አርበኞቹ ግን በየዱሩ ቀጠሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የመጡትም በሱዳን ጠረፍ በኦሜድላ በኩል ነበር፤ ጅቡቲ ያን ጊዜ በቪሺ መንግሥት እጅ ስለ ነበረች የወጡበት በር ተዘግቶ ነበር።