አል-ቢሩኒና የሰንጠረዡ ቁጥር

ሒሳብ የዱንያ ትምህርት ነው፣ ከዲን ጋር ምን ያገናኘዋል የሚሉ ወንድሞች ዛሬም አሉ። ሒሳብ ሁሉ ከአውሮፓ የመጣ የሚመስላቸው የተማሩ ልጆቻችንም ጥቂት አይደሉም። ሁለቱም ወገኖች አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒን ቢያውቋቸው በወደድን ነበር።

እኚህ ዓሊም የተወለዱት በ362 ዓመተ ሂጅራ (973 እ.ኤ.አ.) ከአራል ባሕር በስተደቡብ በምትገኘው በኸዋሪዝም ነው። የአገራቸው ጦርነት ገና በወጣትነታቸው ለስደት ዳረጋቸው። በ1000 እ.ኤ.አ. ገደማ ለጁርጃኑ አሚር ለቃቡስ ባበረከቱት «አል-አሳር አል-ባቂያ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የሕዝቦችን የዘመን አቆጣጠር ሲያብራሩ የሰንጠረዥን ስሌት አነሱ። (የጨዋታውን ሑክም ለዑለማኦቻችን እንተወው።)

ጥያቄው የታወቀ ነው። በገበታው የመጀመሪያ ቤት 1 ፍሬ ስንዴ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4 እየተባለ በየቤቱ እጥፍ ቢደረግ 64ቱ ቤቶች ስንት ይይዛሉ? ሌላው ሰው 63 ጊዜ እያጠፈ፣ ከዚያም ሁሉንም እየደመረ ይደክማል። አል-ቢሩኒ ግን አቋራጩን አሳዩ። የ5ኛው ቤት 16 በራሱ ሲባዛ የ9ኛውን ቤት 256 ይሰጣል። 256 በራሱ ሲባዛ የ17ኛውን 65,536፣ ያም በራሱ ሲባዛ የ33ኛውን 4,294,967,296 ይሰጣል። አንድ ጊዜ ደግመን ካባዛን ከገበታው ውጭ ወዳለው 65ኛ ቤት እንደርሳለን። ከዚያ ላይ 1 ሲቀነስ የ64ቱ ድምር ይገኛል፦ 18,446,744,073,709,551,615።

በአንድ ግራም 25 ፍሬ ስንዴ ቢገባ ይህ ከ7 ትሪሊዮን ኩንታል ይበልጣል። የዛሬው ዓለም በዓመት የሚያመርተው ስንዴ 8 ቢሊዮን ኩንታል ገደማ ስለሆነ፣ ከ900 ዓመት በላይ ምርት ማለት ነው! ቁጥሩ በሌላም በኩል ይገርማል። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 641፣ 65,537 እና 6,700,417 እርስ በርስ ሲባዙ ይህንኑ ይሰጣሉ፤ እነዚህ ሰባቱ ደግሞ ከ1ና ከራሳቸው በቀር በምንም አይካፈሉም። 641ና የመጨረሻውን ያገኘው ኦይለር በ1732 ነበር፤ አል-ቢሩኒ ካረፉ ወደ 700 ዓመት ሊሞላ ሲል።

በ1017 የገዝናው ሱልጣን መሕሙድ ኸዋሪዝምን ሲይዙ አል-ቢሩኒንም ይዘዋቸው ሄዱ። እርሳቸው ግን በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ሳንስክሪት ተማሩ፤ ሱልጣኑ ስለሚወጓቸው ሕንዶችም ያለ ጥላቻ ጻፉ። ይህ ከስሌቱ ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል። በ1025 የከተሞችን ርቀት ለክተው የገዝናን ቂብላ በስሌት ያገኙበትን መጽሐፍ ፈጸሙ፤ በመግቢያውም ሒሳብን የሚያጥላሉትን ሞገቱ። የሰጋጁን ፊት ወደ ካዕባ የሚያቀና ዕውቀት እንዴት ከዲን ውጭ ይሆናል?

በ440 ዓመተ ሂጅራ (1048) በገዝና አረፉ። ያቁት እንደዘገበው፣ በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ አንድ ፈቂህ ሊጠይቋቸው ገቡ። አል-ቢሩኒም በውርስ ሕግ ስለ ሴት አያቶች ድርሻ ቀድሞ ፈቂሁ የነገሯቸውን ስሌት እንዲደግሙላቸው ለመኑ። ፈቂሁ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ነውን ብለው ቢያዝኑላቸው፣ ሳያውቁት ከመሞት አውቀውት መሞትን እንደሚመርጡ ገለጹላቸው። ነገሯቸው፤ እርሳቸውም ደግመው በቃላቸው ያዙት። ፈቂሁ ወጥተው ገና መንገድ ላይ ሳሉ ከቤቱ የለቅሶ ድምፅ ሰሙ። ረሒመሁላህ።