ኬ. ካማራጅ

ኩማራስዋሚ ካማራጅ (ከሐምሌ 8 ቀን 1895 እስከ መስከረም 21 ቀን 1968 ዓ.ም.) የህንድ የነጻነት ታጋይና ፖለቲከኛ ነበሩ። ዛሬ ታሚል ናዱ የሚባለውን የደቡብ ህንዱን የማድራስ ግዛት በዋና ሚኒስትርነት ከ9 ዓመት በላይ መርተዋል። በይበልጥ የሚታወቁት ለድሃ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ምሳ የሚያቀርበውን የምገባ መርሐ ግብር በግዛቱ ሁሉ በማስፋፋታቸው ነው። እሳቸው ራሳቸው ግን መደበኛ ትምህርታቸውን በልጅነታቸው ያቋረጡ ሰው ነበሩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ካማራጅ በ1903 በቪሩዱናጋር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ኩማራስዋሚ ናዳር ነጋዴ ነበሩ፤ እናታቸው ሲቫካሚ አማል ይባላሉ። ቤተሰቡ የናዳር ማኅበረሰብ ወገን ነው። ናዳሮች በህንድ የካስት ሥርዓት ዝቅ ተደርገው የሚታዩና ወደ ብዙ ቤተ መቅደሶች እንዳይገቡ የሚከለከሉ ነበሩ። በቪሩዱናጋር ግን በንግድ እየጠነከሩ ሲመጡ ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ ሩዝ እያዋጡ፣ ሩዙም እየተሸጠ፣ በገንዘቡ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ካማራጅም ከተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ይኸው ነው።

ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው አባታቸው ሞቱ። ቤተሰቡን የማስተዳደር ሸክም በእናታቸው ላይ ወደቀ። ካማራጅም ገና ታዳጊ ሳሉ ትምህርታቸውን ትተው በአጎታቸው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ መሥራት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የተማሩት ጋዜጣ በማንበብ፣ የፖለቲካ ስብሰባዎችን በመከታተልና በእስር ቤት ባገኟቸው መጻሕፍት ነው።

በነጻነት ትግል

በ1919 የእንግሊዝ ጦር በአምሪትሳር ከተማ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩሶ ብዙ ሰው ሲገድል ካማራጅ የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ፓርቲን ተቀላቀሉ። በ1930 ደግሞ የጨው ግብርን በመቃወም በቬዳራንያም በተደረገው ሰልፍ ተካፍለው ታሰሩ። ይህ የመጀመሪያ እስራቸው ነበር። በተለያዩ ጊዜያት በእስር ያሳለፉት ዘመን ሲደመር 9 ዓመት ገደማ ይሆናል። በ1940 የኮንግረስ ፓርቲ የታሚል ናዱ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር ሆኑ። በ1941 እስር ቤት ሳሉ የቪሩዱናጋር ከተማ ምክር ቤት ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ፤ ሲፈቱ ግን ሹመቱን በፈቃዳቸው ተዉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አላገቡም።

ዋና ሚኒስትርነት

ከካማራጅ በፊት የማድራስ ግዛት ዋና ሚኒስትር የነበሩት ሲ. ራጃጎፓላቻሪ በ1953 አዲስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዕቅድ አውጥተው ነበር። በዕቅዱ መሠረት የገጠር ልጆች ግማሹን ቀን በክፍል ውስጥ ይማራሉ፤ የቀረውን ግማሽ ቀን የወላጆቻቸውን ሙያ ይለማመዳሉ። ዕቅዱን የተቃወሙ ሰዎች የጫማ ሰፊ ልጅ ጫማ ሰፊ፣ የልብስ አጣቢ ልጅ ልብስ አጣቢ ሆኖ እንዲቀር ያደርጋል ሲሉ ነቀፉት። ተቃውሞው ሲበረታ ራጃጎፓላቻሪ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ካማራጅ ሚያዝያ 1954 ዋና ሚኒስትር ሲሆኑ ይህን ዕቅድ ሰረዙት። ካቢኔያቸውን ትንሽ አደረጉ፤ ለመሪነት የተፎካከሯቸውን ሲ. ሱብራማኒያምንም የገንዘብና የትምህርት ሚኒስትር አድርገው ሾሙ። ትምህርት ቤት ባልነበራቸው መንደሮች አዳዲስ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ አደረጉ።

ሆኖም ትምህርት ቤት መክፈት ብቻውን በቂ አልነበረም። በድሃ ቤተሰብ ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ በማሳ ላይ ይሠራል፣ በዚህም የዕለት ጉርሱን ያገኛል። ወደ ክፍል የሚገባ ልጅ ይህን ጉርስ ያጣል። በታሚል ናዱ በሰፊው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ካማራጅ በጉዞ ላይ ሳሉ የባቡር ሐዲድ መሻገሪያ ላይ መኪናቸው ቆመ። በዚያ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አይተው ለምን እንደማይማር ጠየቁት። ልጁም ትምህርት ቤት ብሄድ የሚያበላኝ ማን ነው የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጣቸው ይባላል። ታሪኩ በተለያየ መልኩ ቢተረክም ካማራጅ የመንግሥታቸው ሥራ ያደረጉትን ችግር በትክክል ይገልጻል።

የምሳ መርሐ ግብር

በማድራስ ተማሪ መመገብ ፈጽሞ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1920 የከተማው ማዘጋጃ ቤት በፒ. ቴያጋራያ ቼቲ መሪነት ታውዘንድ ላይትስ በሚባል ሰፈር በሚገኝ ትምህርት ቤት ምሳ ማቅረብ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን በበጀት ምክንያት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ። የካማራጅ ሥራ ምገባውን ከአንድ ከተማ አውጥቶ ወደ ገጠር መንደሮች ማድረስ ነበር።

መርሐ ግብሩ በ1956 ተጀመረ። ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ነበር። የግዛቱ የትምህርት ኃላፊ ኤን. ዲ. ሱንዳራቫዲቬሉ ሕዝቡን ወደ ማስተባበር ዞሩ። የመንደር ሰዎች እህል፣ አትክልት፣ ማገዶና የማብሰያ ዕቃ አዋጡ። ሥራው እንደሚቻል ከታየ በኋላ መንግሥት ወጪውን በበጀቱ ያዘ፤ የአካባቢው ሰዎችም ድርሻቸውን ማዋጣት ቀጠሉ። ከ1961 ጀምሮ ኬር የተባለው የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት የዱቄት ወተት፣ ዘይትና የበቆሎ ዱቄት ይሰጥ ነበር።

ምሳው የሚቀርበው ትምህርት በሚኖርበት ቀን ብቻ ሲሆን ለድሃ ልጆች የታሰበ ነበር እንጂ ሁሉንም ተማሪ የሚያዳርስ አልነበረም። በመዋጮና በውጭ እርዳታ ላይ መመርኮዙም ደካማ ጎኑ ነበር። በዚሁ ዘመን የደንብ ልብስ ለድሃ ተማሪዎች በነጻ መሰጠት ጀመረ፤ የትምህርት ክፍያም ደረጃ በደረጃ ተነሣ።

ከሥልጣን በኋላ

በ1963 ካማራጅ ከፍተኛ የፓርቲ መሪዎች የመንግሥት ሥልጣን ለቀው ወደ ፓርቲ ሥራ እንዲመለሱ ሐሳብ አቀረቡ። ይህም የካማራጅ ዕቅድ ተብሎ ይታወቃል። እሳቸውም ጥቅምት 2 ቀን 1963 ከዋና ሚኒስትርነት ወርደው የኮንግረስ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1964 ጃዋሃርላል ኔህሩ ሲሞቱ ላል ባሃዱር ሻስትሪ፣ በ1966 ሻስትሪ ሲሞቱ ኢንዲራ ጋንዲ የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ትልቅ ሚና ተጫውተዋል።

በ1967 ምርጫ ግን በትውልድ ከተማቸው በቪሩዱናጋር በአንድ ወጣት የተማሪዎች መሪ ተሸነፉ። በዚያን ጊዜ የሩዝ እጥረትና የዋጋ ንረት ነበር፤ አሸናፊው ዲ.ኤም.ኬ. ፓርቲም ርካሽ ሩዝ ለሕዝቡ ቃል ገብቶ ነበር። ልጆችን በመመገብ ስማቸው የተነሣው መሪ ፓርቲያቸው ሥልጣን ካጣባቸው ምክንያቶች አንዱ የምግብ ችግር ሆነ። ካማራጅ በ1969 ከናገርኮይል ተመርጠው ወደ ህንድ ፓርላማ ተመለሱ።

ጥቅምት 2 ቀን 1975 በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። ሲሞቱ ጥቂት ልብስ፣ ጥቂት መጻሕፍትና 130 ሩፒ ያህል ብቻ እንደተገኘ ይነገራል። በ1976 ባራት ራትና የተባለው የህንድ ከፍተኛ የክብር ሽልማት ተሰጣቸው።

ውርስ

በ1982 የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር ኤም. ጂ. ራማቻንድራን፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ረሀብን የቀመሱ ሰው፣ መርሐ ግብሩን በእጅጉ አስፋፉት። በ1995 የህንድ ማዕከላዊ መንግሥት አገር አቀፍ መርሐ ግብር ጀመረ፤ ብዙ ግዛቶች ግን የበሰለ ምግብ በማብላት ፈንታ ጥሬ እህል ያድሉ ነበር። በ2001 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግዛቶች የበሰለ ምሳ እንዲያቀርቡ አዘዘ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት የሚመገቡበት መርሐ ግብር ሆነ።

የካማራጅ የልደት ቀን፣ ጁላይ 15፣ በታሚል ናዱ የትምህርት እድገት ቀን ተብሎ ይከበራል። ግዛቱ በ2022 ከምሳው በተጨማሪ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁርስ ማቅረብ ጀምሯል።